ተሸናፊው የሚጸልይበት ጠረጴዛ

«ተሸነፍለት» አለች ኢሽቤል።

ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም። በጭስ የደረቀውን ዓሣ ቆዳ በጣቶቿ እየገፈፈች፣ ሥጋውን እየፈለፈለች ወደ ድስቱ ትጥላለች። ላክላን በኩሽናው የጓሮ በር ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። ጠዋት ያጨደው ሣር ጫማው ላይ ተለጥፎ ስለነበር ደፉን አላለፈም፤ ወለል ያቆሸሸ ሰው ከእትዬ ፔጊ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

«ምን አልሽኝ?»

«ሰምተሃል። ዛሬ ለአባዬ ተሸነፍለት። አንዷን ኳስ ትንሽ አሳጥረህ ብትመታት ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ።»

«ያንተ ማወቅ ማንን ይጎዳል?»

 ከውጭ የባሕሩ ንፋስ በሩን እየገፋ ይመልሰዋል።

«ኢሽቤልዬ፣ አውቆ መሸነፍም ማጭበርበር ነው። አባቴ አጭበርባሪ ተብሎ ነው ከዚህ ደሴት የወጣው። እኔ ደግሞ ስለ ፍቅር ብዬ ላጭበርብር?»

«ስለ ማጭበርበር ማን አወራ! ስለ እኛ ነው የማወራው።» አሁን ዞረች። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ሽንኩርቱ ነው እንዳይባል፣ ሽንኩርቱን የከተፉት እትዬ ፔጊ ናቸው። «አባዬ ዋንጫውን ከበላ ልቡ ይለሰልሳል። ያኔ ትጠይቀዋለህ። ብታሸንፈው ግን አለቀ፤ ‹የፊንሌይ ልጅም አሸነፈኝ› ብሎ እስኪሞት አያናግርህም። ሰኞ ጀልባው ይመጣል። አንተ ዋናው ምድር ላይ ሥራ ይዘሃል። እኔ ደግሞ አባቴን አስቀይሜ ከዚህ አልወጣም። ነግሬሃለሁ።»

«ነግረሽኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እጫወታለሁ። አቅሜ የቻለውን ያህል። ካሸነፉኝ አሸነፉኝ።»

«ልጆች፣ እኔ ደንቆሮ ነኝ፣ ምንም አልሰማሁም» አሉ ምግብ አብሳይዋ እትዬ ፔጊ ከምድጃው ሳይዞሩ። «ወተቱ ግን ሰምቶ ሊገነፍል ነው። አንተ ሂድ፣ አንቺ አማስዪ።»

«ሂድ እንግዲያው» አለችው ኢሽቤል። «ከእኔ ይልቅ ኳስህን ነው የምትወደው።»

የማይሆን ነገር መናገሯን ቃሉ ከአፏ ሲወጣ አወቀችው። ላክላን ግን ኮፍያውን አጥልቆ፣ የጎልፍ ዱላዎቹን በትከሻው ተሸክሞ፣ ወደ ንፋሱ ወጥቶ ነበር።

እነዚህ ሁለቱ የተዋወቁት በበግ ምክንያት ነው።

በኛ ደሴት የጎልፉ ሜዳ የመንደሩ የጋራ ግጦሽ ነው። በጎቹ ከጎልፉ በፊት የነበሩ ናቸውና ማንም አያባርራቸውም፤ ጉድጓዱ ያለበትን አጭር ሣር ብቻ በሽቦ እናጥራለን። የዛሬ ሁለት ዓመት በጸደይ አንዲት በግ ቀንዷ በሽቦው ተይዞ ስትንፈራገጥ ኢሽቤል ከምትሠራበት ከክለቡ ምግብ ቤት መስኮት አየችና ሽርጧን እንዳደረገች ወረደች። አንድ የማታውቀው ወጣት ቀድሟት ደርሶ ከበጓ ጋር ይታገላል።

«አንተ! ቀንዷን ልትሰብረው ነው እንዴ? እግሯን ያዝ!»

«የትኛውን እግሯን? አራት አላት እኮ!»

ሳቀች። በጓ ስትለቀቅ ሁለቱም እርጥቡ ሣር ላይ ተዘርረው ነበር። አዲሱ ሣር አጫጅ መሆኑን ነገራት፤ ቀጥሎ ስሙን። ስሙን ስትሰማ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። የፊንሌይ ልጅ ነበር። በጓ ደግሞ የአባቷ የቶርኪል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ በበጋ ማብቂያ ቅዳሜ የክለባችን የዋንጫ ፍጻሜ ይደረጋል። ሁለቱ ተጋጣሚዎች ብቻቸውን ይጫወታሉ፤ ዳኛ የለ፣ አጃቢ የለ። ሜዳው ለሁለት፣ መስኮቱ ለሁሉ እንላለን። ሌላው ሰው ፎቁ ላይ ባለው ምግብ ቤት እራቱን እየበላ በትልቁ መስኮት የመጨረሻውን ጉድጓድ ያያል። ኳሱን ሳይመታ ያንቀሳቀሰ ሰው ራሱ እጁን አውጥቶ ይናገራል፣ አንድ ምትም ይቆጠርበታል። ሌላ ጠባቂ የለውም፤ ሕሊናው ነው ጠባቂው።

ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ያሸነፈው የዓሣውን ሾርባ ለተሸነፈው ይቀዳለታል፤ የተሸነፈው ማዕዱን ባርኮ ይጸልያል። ያሸነፈ እንዳይታበይ ያገልግል፣ የተሸነፈ ቂም እንዳይዝ ይጸልይ ብለው ነው አባቶች የደነገጉት። ቂም ይዞ ማን ይጸልያል?

ከሃያ ዓመት በፊት ፊንሌይና ቶርኪል ወዳጆች ነበሩ፤ አንድ ጀልባ፣ አንድ መረብ። ያን ዓመት ለፍጻሜ የደረሱት እነሱ ናቸው። በመጨረሻው ጉድጓድ የፊንሌይ ኳስ ዳር ካለው ረጅምና ጠንካራ የባሕር ሣር ውስጥ ገባ። ቶርኪል በራሳቸው ኳስ አጠገብ ቆመው ከሩቅ ሲያዩ ፊንሌይ ወደ ሣሩ ጎንበስ አሉ፤ ኳሱም ተንቀሳቀሰ። ፊንሌይ እጃቸውን አላወጡም።

«በእግርህ ገፋኸው» አሏቸው ቶርኪል።

«አልነካሁትም።»

ፊንሌይ አሸነፉ። ሾርባውንም ቀዱ። ቶርኪል ግን ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «እኔ ከአጭበርባሪ ጋር አልጸልይም» ብለው ወጡ። ሾርባው ሳይነካ በረደ።

በትንሽ ደሴት እንዲህ ያለ ቃል ድስት ውስጥ እንደገባ ጨው ነው፤ ተለቅሞ አይወጣም። ፊንሌይ በቀጣዩ ጸደይ ሚስታቸውንና ሕፃን ልጃቸውን ይዘው ተሻገሩ፤ ከዓመታት በኋላም እዚያው ዋናው ምድር ላይ አረፉ። ልጁ ሲያድግ ተመልሶ መጣ። ለምን መጣህ ብላ ኢሽቤል ስትጠይቀው፣ «አባቴ ሲያልም የሚያየው ይህን ሣር ነበር» አላት እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰጣትም።

ቶርኪል ክፉ ሰው አይደሉም። በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ የሰው ጀልባ ሲሰበር ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ችግራቸው አንድ ነው። አንዴ አየሁ ያሉትን አላየሁም አይሉም። የልጃቸው ነገር ጆሯቸው ሲደርስ «የዚያ ሰው ልጅ ደጄን አይረግጥም» አሉ፤ ደግመውም አልተነጋገሩበትም። እንግዲህ በዚህ ዓመት ለፍጻሜ የደረሱት ቶርኪልና ላክላን መሆናቸው ሲታወቅ ደሴቱ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

ያን ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፀሐይዋ ገና በባሕሩ ላይ ናት፤ በኛ አገር በበጋ ለመጥለቅ ትሰንፋለች። ነጩ አሸዋ፣ ከማዶ ሰማያዊዎቹ ተራሮች፣ ድንጋዩ ላይ የተጋደሙት የባሕር እንስሳት፣ ሁሉም በመስኮቱ ውስጥ ይታያሉ። እንግዶች የሚመጡት ለዚህ ነው። የመንደሩ ሰው ግን ወንበሩን ያዞረው ወደ መጨረሻው ጉድጓድ ነው።

ጡረታ የወጡት የጀልባ ካፒቴን ጋሽ ሙርዶ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አላነሡም። ቢራቸውን እንኳ በዳበሳ ነው የሚያነሡት።

«እኩል ናቸው!» ብለው ጮኹ። «አምላክ ያውቃል፣ እኩል ናቸው! ነገሩ ሁሉ ለመጨረሻው ጉድጓድ ቀረ!»

ኢሽቤል ሁለት ሳህን የበግ ጥብስ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መካከል ቆመች። አንዱ ሳህን አንጓዋን እያቃጠላት ነበር፤ አልተሰማትም።

«ሳህኑ ይንቀጠቀጣል» አሏት አክስቷ ኤፊ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ከመስኮቱ ጠረጴዛ ቀጥሎ ባለው ተቀምጠው የአጃ ቂጣቸውን ይቆርሳሉ።

«ሞቆ ነው አክስቴ።»

«ሳህን ሲሞቅ አይንቀጠቀጥም።» ወደ እሷ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ። «ሰኞ ትሄጃለሽ ወይስ አትሄጂም?»

«ዛሬ ይታወቃል።»

«ማነው የሚያሳውቅሽ? ኳሱ?»

ኢሽቤል ፊቷን አዞረች። ከዋናው ምድር የመጡት ባልና ሚስት ጠረጴዛ ደርሳ ሳህኖቹን አስቀመጠች። ሴትየዋ አገጯን በእጇ ደግፋ ወደ ባሕሩ ትመለከታለች።

«ምን ያለ ሰላም ነው!» አለች። «እዚህ አገር ሰው የሚጣላ አይመስለኝም።»

«ድንች ይጨመር?» አለች ኢሽቤል።

ከአሸዋው ጉብታ በላይ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ። ከፊት ቶርኪል፣ ጎንበስ ብለው ንፋሱን በግንባራቸው እየገፉ። ከኋላ ላክላን፤ ኮፍያውን ንፋሱ ወስዶበት ጸጉሩ ቆሟል። አልተያዩም፣ አልተነጋገሩም። ቶርኪል መቱ። ኳሳቸው ሽቦውን ተሻግሮ አጭሩ ሣር ላይ፣ ከባንዲራው አጠገብ አረፈ። ቤቱ አጨበጨበ።

ላክላን መታ። ኳሱ በደንብ ተነሣ፣ ቀጥ ብሎ መጣ፤ በመጨረሻ ንፋሱ በጎኑ ገፋው። ተንሳፍፎ፣ ዞሮ፣ ከዳር ያለው ረጅም ሣር ውስጥ ጠፋ።

ማንም አላጨበጨበም።

«ያው ቦታ» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«ያው ቦታ ነው» አሉ ሙርዶ። ድምፃቸው እንደ ኳስ ጨዋታ ዘጋቢ ነበር፤ አሁን እንደ ቀብር አስፈጻሚ ሆነ። «ቶርኪል ወደ ራሱ ኳስ አልሄደም። ወደ ልጁ እየሄደ ነው። ቀጥ ብሎ። እላዩ ላይ ሊቆም ነው።»

ኢሽቤል ወደ መስኮቱ ጀርባዋን ሰጠች። የቆሸሹ ሳህኖች መሰብሰብ ጀመረች። የሚበላበትን ሳህን እንኳ ከአንድ ሰው ፊት አነሣች፤ ሰውየው ሹካውን እንደያዘ ቀረ፣ አልተቆጣትም።

«አባትሽ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ልጁ ወደ ሣሩ ገባ። ቀስ ብሎ... ቆመ።» ሙርዶ ተነፈሱ። «እጁን አወጣ። ልጁ እጁን አወጣ! ቶርኪል ጮኸ። ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረው! ወደ ሣሩ ያመለክታል። አሁን ክንዱን ያዘው። እያወዛወዘው ነው። ልጁ አይሆንም ይላል፣ በራሱ አይሆንም ይላል... ያዘው ጎበዝ! እጅ ከፍንጅ ያዘው፤ እጁን ያወጣው ስለተያዘ ነው!»

መስታወቱ ወፍራም ነው፤ ከውጭ አንድ ቃል አይገባም። የሚታየው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ ጣቱን ወደ ምድር፣ ወደ ሰማይ፣ ወደ ባሕር እየቀሰረ፣ ሌላው ራሱን እየነቀነቀ።

«ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ አክስት ኤፊ።

ኢሽቤል ያን ጊዜ ዞረች። አየች። አባቷ በዕድሜዋ እንዲህ ሲቆጡ አላየችም። ላክላን ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።  ተሸነፍለት ብላዋለች። እንዲያ ስላለችው ይሆን? እሷን ለማስደሰት አንድ የማይሆን ነገር አድርጎ ይሆን?

ከዚያ የጓሮውን በር አስታወሰች። ሣር በተለጠፈበት ጫማው ደፉ ላይ ቆሞ፣ የሚወዳትን ሴት ዓይን ዓይኗን እያየ እምቢ ያላትን ሰው።

ወደ ኩሽና ገባች። የሾርባውን ድስት በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። በመስኮቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው፤ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ደረደረች፣ ጭልፋውን በመካከል አጋደመች።

«አትድከሚ ልጄ» አሏት ሙርዶ ለስለስ ብለው። «ዛሬም ሾርባ የሚጠጣ የለም። ታሪክ ራሱን ደገመ።»

«አላጭበረበረም።»

«በመነጽር እያየሁ እኮ ነው የምነግርሽ! አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ አልነበር?»

«እርስዎ በመነጽር አዩት ጋሽ ሙርዶ። እኔ ሁለት ዓመት ያለ መነጽር አይቼዋለሁ።» ጎድጓዳ ሳህኖቹን ፊት ለፊት አስተካከለች። «ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ማናችሁም አልሰማችሁም። ግን ያ ሰው ያልሆነውን ሆነ አይልም። እወደዋለሁ። ሰኞ ጀልባው ላይ አብሬው እሳፈራለሁ፤ አባዬ ቢቆጣም፣ እናንተ ብታሙኝም።»

የአክስት ኤፊ ቢላዋ ሳህናቸው ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ከደረጃው መሃል የተነሣ የጫማ ድምፅ ነው። ከባድ ጫማ፣ ሌላ ጫማ፣ ከዚያ ፀጥታ፣ ደግሞ ጫማ።

በሩ ተከፈተ፤ ንፋሱም አብሮ ገባ።

«አልነካኸውም አልኩህ!» አሉ ቶርኪል እየገቡ።

«ነክቼው ይሆናል ጋሽ ቶርኪል። ሣሩን ረግጫለሁ።»

«እግርህ ከኳሱ ስንት ይርቅ ነበር!»

«ቢርቅም ረግጫለሁ። ስረግጥ ኳሱ ተንቀሳቀሰ። አንድ ምት ይቆጠርብኝ። ኳስዎ ባንዲራው ሥር ነውና ዋንጫው የርስዎ ነው።»

«የማልፈልገውን ዋንጫ በግድ ልታሸክመኝ ነው? ንፋሱ ነው ስልህ! ዓይን የለኝም?»

ቤቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሙርዶ መነጽሩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ቆይ፣ ቆይ... ማነው ማንን የከሰሰው?»

«ራሱን ከሰሰ!» አሉ ቶርኪል በብስጭት። «እኔ ደግሞ ጠበቃው ሆኜ እዚያ ንፋስ ላይ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ!»

አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ ተወው። የቶርኪል ፊት ተለውጦ ነበርና። ወደ ላክላን ዞሩ፤ ዓይናቸው ጠበበ።

«ወይስ ለልጄ ብለህ ነው? ዋንጫውን ውሰድ፣ ልጅህን ስጠኝ ነው ነገሩ?»

የላክላን ፊት እስከ ጆሮው ቀላ። አፉን ከፈተ፤ ኢሽቤልን አየ፤ አፉን ዘጋ። ኢሽቤል ገባት። ራሱን ለማዳን የሚናገረው አንድ ነገር አለው፣ እሱን ደግሞ ከተናገረ እሷን ያጋልጣል። በቤቱ ሙሉ ሰው ፊት፣ ስሙ ሊጠፋ እየተቃረበ፣ ዝም አለ።

«እኔ ነኝ አባዬ» አለች።

«ምኑ ነሽ አንቺ?»

«ዛሬ ቀን እንዲሸነፍልህ ለመንኩት። ልብህ እንዲለሰልስ ብዬ። እምቢ አለኝ። አውቆ መሸነፍም ማጭበርበር ነው አለኝ። ተጣልተን ነው የወጣው።»

«እኔም ምስክር ነኝ» አሉ እትዬ ፔጊ ከኩሽናው በር። «ደንቆሮ ብሆንም።»

ቶርኪል ልጃቸውን አዩ። ላክላንን አዩ። ከዚያ በመስኮቱ ውስጥ ወደ ረጅሙ ሣር ተመለከቱ፤ ሣሩ በንፋሱ እየተኛ ይነሣል።  የቤቱ ሰው ሁሉ እሳቸውን ይጠብቃል።

«የራሴን ኳስ ትቼ ወደ እሱ የሄድኩት ልይዘው ነበር» አሉ በመጨረሻ። ለማንም አልነበረም የሚናገሩት። «እንደ አባቱ እንዳያደርገኝ ብዬ። እላዩ ላይ ቆምኩ። ኳሱ ሣሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ መሬት አልነካም። ልጁ ዱላውን ገና ከትከሻው አላወረደም። ንፋስ መጣ፤ ሣሩ ለቀቀው፤ ኳሱ ተንከባለለ። ብቻውን። እዚህች ሆኜ፣ እንደዚህ ወንበር ቅርብ ሆኜ አየሁት።»

የወንበሩን መደገፊያ ጨበጡ።

«ያን ጊዜ ሩቅ ነበርኩ። ፊንሌይ ‹አልነካሁትም› አለኝ። ሜዳው ላይ አለኝ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለኝ፣ ቤቴ ድረስ መጥቶ አለኝ። በሩን አልከፈትኩለትም። ከሩቅ ያየሁትን ይዤ አየሁ አልኩ።»

ላክላን አንገቱን ቀና አላደረገም። አባቱ እስኪሞቱ ድረስ ሲጠብቁት የኖሩት ቃል ነበር፤ እሳቸው ግን አልሰሙትም። ኢሽቤል እጁን ልትይዘው ፈለገች፤ በመካከላቸው ጠረጴዛ ነበር።

የተናገሩት አክስት ኤፊ ናቸው።

«ሾርባው እየበረደ ነው» አሉ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር፣ ዓይናቸው ግን አልነበረም። «ያሸነፈ ይቅዳ። የተሸነፈ ይጸልይ።»

ላክላን ወደ ተሸናፊው ወንበር አንድ እርምጃ ሄደ። ቶርኪል ክንዱን ያዙት፤ በሜዳው ላይ እንደያዙት አጥብቀው።

«የኔ ነው ይሄ ወንበር።»

«ጋሽ ቶርኪል፣ የዛሬውን እኮ እኔ...»

«የዛሬውን አላወራሁም። የዛሬው ለእግዚአብሔር ይቆይ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያልጸለይኩት ጸሎት አለብኝ።»

ተቀመጡ። ላክላንም ፊት ለፊታቸው፣ አባቱ በተቀመጡበት። ቤቱ ሁሉ ሹካውን አኖረ፤ እንግዶቹ ባልና ሚስት እንኳ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጌታ ሆይ» አሉ ቶርኪል። በቤተ ክርስቲያን ሲጸልዩ ድምፃቸው ይሞላል፤ አሁን ግን ከጠረጴዛው አያልፍም ነበር። «ይህን ማዕድ ባርክ። የሚቀዳውን እጅ ባርክ። ፊንሌይ...» ቆሙ።  «ፊንሌይ ወዳጄ ነበር። ኳሱን አልነካውም ነበር። አሜን።»

«አሜን» አለ ቤቱ።

ላክላን ጭልፋውን አነሣ። ሲቀዳ ግማሹን በጠረጴዛው ልብስ ላይ አፈሰሰው፤ እትዬ ፔጊም አልተቆጡም። ቶርኪል አንድ ማንኪያ ቀመሱ።

«በርዷል።»

«ሃያ ዓመት ተቀምጦ እንዴት አይበርድ!» አሉ እህታቸው ኤፊ።

ቤቱ በአንድ ጊዜ ሳቀ፤ ሲሸሸግ የቆየ ሳቅ ነበር። ሙርዶ መነጽራቸውን ወደ ማኅደሩ ከተቱና ቢራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እያዩት ጠጡ። ቶርኪል ግን አልሳቁም። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ሰኞ ጀልባው በስንት ሰዓት ነው?»

ኢሽቤል ወደ ጠረጴዛው ጠጋች። «አባዬ፣ እኔ...»

«ሰምቻለሁ። ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁሽ። ጆሮዬ ከዓይኔ ይሻላል።» ወደ ላክላን ዞሩ። «አባትህ የተቀበረበትን ታሳየኛለህ?»

ላክላን ጭልፋውን አስቀመጠ። «አሳይዎታለሁ።»

«እንግዲያው ሦስት ሆነን ነው የምንሳፈረው። ይህቺ ደግሞ በመካከላችን ትቀመጣለች፤ መንገድ ላይ እንዳንጣላ።» ትንሽ አሰቡ። «የምትጠይቀኝ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ዛሬ እንዳትጠይቀኝ። እዚያ ስንደርስ፣ አባትህ ባለበት ጠይቀኝ። መልሴን እሱም ይስማ።»

አክስት ኤፊ ተነሥተው ሦስተኛ ሳህን አመጡ፤ የራሳቸውንም ወንበር ጎትተው በሁለቱ መካከል አስገቡት። ኢሽቤል ሽርጧን ሳትፈታ ተቀመጠች። ላክላን ሾርባ ቀዳላት። ሳህኑን ሲያቀብላት ጣቶቻቸው ተገናኙ፤ አላነሡአቸውም፤ ቶርኪልም አይተው እንዳላዩ ሆኑ። የዚያን ቀን ብዙ አይተዋል።

«አሁንም ከእኔ ይልቅ ኳስህን ትወዳለህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ኳሴን እኮ እዚያው ትቼው መጣሁ።»

እውነትም ሁለቱም ትተውት ነበር የመጡት። በማግሥቱ እሑድ ነው፤ በኛ ደሴት እሑድ ጎልፍ የለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ የቶርኪል ኳስ አጭሩ ሣር ላይ በጤዛ ረጥቦ ተቀምጧል፤ የላክላንም ከረጅሙ ሣር ሥር ነጣ ብሎ ይታያል። አንዲት በግ ቀረብ ብላ አሸተተችውና ወደ ግጦሿ ተመለሰች።

ማንም አልነካውም።